አስማረ የተሸከመው ድንጋይ

በየዓመቱ ለቡሄ ደብረ ታቦር ላይ የምንሰበሰበውን የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ወዳጆች ጉባኤ ታሪክ ለአዲስ መጪዎች የምተርከው እኔ ነኝ። ማይኩን ይሰጡኛል፣ አጨብጭበው ይቀበሉኛል፤ እኔም እንዴት እንደጀመርን፣ ማን እንደረዳን፣ ማን በድንጋይ እንደወገረን እናገራለሁ። አንድ ቦታ ስደርስ «በጨዋታ መሃል በደረሰ ድንገተኛ አደጋ» ብዬ አልፋለሁ። ድንገተኛ አልነበረም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ጾሜ ስቆርብ እንኳ ከጥርሴ ኋላ ይዣት ቆርቤያለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ሊሆን ይችላል፤ ፈሪ ሰው መናዘዝ የሚቀለው ለማያውቀው ነው።

አባቴ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው አጠና፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲወርድ ፊልሙ አይሰማም። ጣሪያው ላይ የተተከለው ዲሽ የዓረብ ጣቢያዎችን ይስብ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ የጃፓን ካርቱን በዓረብኛ ይመጣልናል። እኔና ይርጋ አንድ ቃል ሳይገባን አፋችንን ከፍተን እናያለን። ይርጋ ወላጆቹ አንበሳሜ ጤፍ የሚያርሱ ናቸው፤ ለትምህርት መጥቶ እኛ ግቢ ተከራይቶ ስለተቀመጠ አብረን አደግን ማለት ይቻላል። ያየውን ሁሉ ይስላል። ከሰል ካገኘ በግድግዳ፣ እስክሪብቶ ካገኘ በክንዱ ላይ ይስላል። እኔ መሳል አልችልም፤ የእኔ ችሎታ ዲሽ ማስተካከል ነበር።

ዝናሽ ከዓረብ አገር ተመልሳ ከጎናችን ሱቅ የከፈተች ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ዓረብኛውን የተማረችው ከምታሳድጋቸው ልጆች ጋር ካርቱን እያየች ስለነበር አነጋገሯ ሁሉ እንደ ካርቱን ሰይፈኛ ሆኖ ቀረ። «ውሃ አምጪ ሲሉኝ ‹ሕይወቴ ለእናንተ ነው!› እላቸዋለሁ፤ በሳቅ ሊሞቱ!» ትለናለች። አንድ ቀን ስኳር ልትበደር መጥታ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ጀግናው የሚለውን ሁሉ በአማርኛ እያስመሰለች ትለው ጀመር። ስትቆጣ በደንብ ትቆጣለች፣ ስታለቅስ ታስለቅሳለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ቪዲዮ ቤታችን ይሞላ ጀመር፤ ገበያ የመጣው ገበሬ ሳይቀር አህያውን ውጭ አስሮ ይገባል።

የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረግነው እዚያው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ቃጫ ሰማያዊና ቀይ አቅልመን ጠጉር ሠራን፤ ከባሕር ዛፍ ሰይፍ፣ ከቅል ጭምብል ሠራን። ስንወጣ ግን መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። «አጋንንት ጠሪዎች!» ተባለ። ድንጋይ መጣ። ከድንጋዮቹ አንዱ በቀጥታ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁትና ደርቄ ቀረሁ። ይርጋ ገፍቶ ጣለኝ። ድንጋዩ እሱን ከጆሮው በላይ አገኘው። ያን ሰማያዊ ቃጫ ደም ሲያጠቁረው ከሥሩ ወድቄ እያየሁ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስለ እኔ ደሙ የፈሰሰ ሰው ነው። ያንን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ያዳኑን አባ ላቀው ናቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከተማው ይሰማቸዋል። ተጠርተን ሄደን ጭምብሎቹን እያገላበጡ አዩና ሳቁ። «ልጆቼ፣ ለጨዋታ የተፈቀደ ቀን እያለ ምነው ባልተፈቀደው ቀን ወጣችሁ? በቡሄ ልጁ ሁሉ ጅራፍ ያጮሃል፣ ይገራረፋል፣ ሆያ ሆዬ ይላል። ያን ዕለት ብትለብሱት ማን ይናገራችኋል?» አሉን። እኛም ጉባኤውን ወደ ቡሄ አዞርነው። በዚያው የጅራፍ ግጥሚያው የጉባኤው መዝጊያ ሆነ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጭምብል አድርገው ይጋጠማሉ፣ የተሸነፈው ይወጣል። በካርቱኑ የምናየውን ውድድር በእጃችን ያገኘነው መሰለን።

ሕጉ የአገሩ ሕግ ነው። ጅራፉ ውሃ የጠጣ ቃጫ ብቻ ይሆናል፤ ጠፍር የለም፣ ሽቦ የለም። ከአንገት በላይ አይመታም። ተጋጣሚዎቹ መጀመሪያ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፤ «ቂም የለም» ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ ቢደማም፣ ቢሰበርም ከሳሽ የለም፤ የቡሄ ጅራፍ ደም አይጠየቅበትም። አንድ ሰው ብቻ ከግጥሚያው በፊት ጅራፎቹን በመዳፉ ስቦ ይመረምርና ለሕዝቡ «ንጹሕ ነው!» ይላል። ያ ሰው የሚመረጠው በሐቀኝነቱ ነው። እኔን መረጡኝ።

ዓመታት አለፉ፤ ጉባኤው አደገ። ከገሳይ በጭነት መኪና ይመጣሉ፣ ከአንበሳሜ ሰይፋቸውን በጋቢ ጠቅልለው ይመጣሉ። ይርጋ በአቡጀዲ ላይ የራሱን ታሪክ ይስል ጀመር፤ ጅራፍ እያጮኸች በረዶ ከአዝመራ ላይ የምታባርር የጉና ተራራ ልጅ። ዝናሽ ከጎኑ ቆማ ድምፅ ትሆናታለች። ሕዝቡ አበደ። አንዲት እናት «ልጄን በረዶ የመታብኝ ዓመት የት ነበርሽ!» ብለው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እኔስ የት ነበርኩ? ከኋላ፣ ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ዲሹ የአባቴ፣ ቤቱ የአባቴ፣ የመጀመሪያውን ካርቱን ያገኘሁት እኔ! ይህን ለራሴ ስደጋግመው ከረምኩ። አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ዝናሽ የይርጋን ሥዕል ለሕዝብ ስታስተዋውቅ «ይህን ጉባኤ የወለደው ይርጋ ነው» አለች። ሰዉ በእልልታ ተቀበላት። ይርጋ ማይኩን ነጥቆ «ኧረ ጌትነትም አለ!» ብሎ ነበር፤ ግን እልልታው ዋጠው። ጌትነት የተባልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ማንም አልሰማውም።

ቅናት ነበር። ሌላ ስም ልስጠው ብዬ ብዙ ደክሜያለሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚያ ዓመት ቡሄ ዕለት ጠዋት ከአባቴ አሮጌ የዲሽ ገመድ ላይ ቁራጭ ቆረጥኩ። ላስቲኩን በጥርሴ ላጥኩት፤ ከመሃሉ መዳቡ ወጣ። ያን ሽቦ ቃጫው ውስጥ ጎነጎንኩት፤ ጫፉን በሞረድ ሾል አድርጌ ትንሽ አስወጣሁት። ቸኩዬ አልሠራሁትም። ቸኩዬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ሥራውን ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ሽቦ መሥራት እችላለሁና። ምን አስቤ ነበር? የይርጋን እጅ። ዓይኑን አላሰብኩም፤ የሚስልበትን እጁን ነው ያሰብኩት። ይህንንም አንድ ሰሞን ማቅለያ አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። «ዓይኑን አልፈለግሁም» እያልኩ እተኛ ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ የሠዓሊ እጅ መመኘት ምኑ ይቀላል?

የይርጋ ተጋጣሚ አስማረ ነበር። አስማረ የገሳይ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጡንቻው ጠንካራ፣ ልቡ ለስላሳ። ሰው ሲመታ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ነው የሚመታው፤ በዚህ ሁሌ እንስቅበታለን። ይርጋን እንደ ታላቅ ወንድሙ ይወደዋል፤ የጉናዋን ልጅ ሥዕል ከቤቱ በር ላይ ሰቅሏታል። ጅራፉን ለእሱ ያዘጋጀሁት ከሁሉ በርትቶ የሚመታ እሱ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ጅራፎች በሕዝብ ፊት በመዳፌ ሳብኩ። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሽቦው ቀኝ መዳፌን ሰነጠቀው። ደሙ ሲሞቀኝ ተሰማኝ። ጣቶቼን ጨበጥኩና «ንጹሕ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባ ላቀው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

ዝናብ ያካፋ ነበር። ተሳሳሙ፤ «ቂም የለም» ተባባሉ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች እግር ላይና ወገብ ላይ አረፉ። ይርጋ «ኧረ ዛሬ ምን በልተህ ነው!» እያለ ይስቃል። የቅሉ ጭምብል ውስጡ በትንፋሹ ላበበትና ሊጠርገው ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው። በዚያችው ቅጽበት አስማረ ወደ ይርጋ ክንድ ሰነዘረ። ቃጫ ብቻ ቢሆን ጫፉ እዚያው ክንዱ ላይ ይቀር ነበር። ሽቦው ግን አከበደው፤ ክንዱን ዞሮ ወደ ላይ ወጣ። የጅራፍ ጩኸት አልነበረውም። የጮኸው ይርጋ ነው። እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሃል ደምና ሌላም ነገር ወረደ፤ ሌላው ምን እንደሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን። ጭቃው ላይ ተንከባለለ፤ ቀዩ ጠጉሩ ወልቆ ከሥሩ ተነጠፈ። አስማረ ጅራፉን ጥሎ «ገደልኩት! ወንድሜን ገደልኩት!» እያለ ደረቱን ይደቃል።

ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩ እኔ ነኝ። ከሁሉ በላይ የጮህኩም እኔ ነኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይሉ የለ? ሰው ይርጋን ሲያነሳ እኔ ጅራፉን አነሳሁ። ጫፉን በቢላ ቆርጬ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ያን ያህል ጮሄ፣ ያን ያህል አልቅሼ፣ ሽቦውን ግን አልረሳሁም።

በማግሥቱ የይርጋ ታላቅ ወንድም ሞላ ከአንበሳሜ ሽመላቸውን የያዙ ዘመዶች አስከትሎ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ። እኔን ያውቀኛል፤ ቤታቸው በልቼ አድሬያለሁ።

«ጌትነት፣ ማን ነው የመታው?» አለኝ።

«አስማረ» አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«በጨዋታ ነው በቂም?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ያች «እኔ እንጃ» ከሽቦው ትብሳለች። ሽቦውን የጎነጎንኩ ዕለት በቅናት ሰክሬ ነበር፤ «እኔ እንጃ» ያልኩ ዕለት አልሰከርኩም። ሞላ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። አስማረን ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ አገኙት። ሽመል ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ፤ ተከትያቸው ሄጄ ከባሕር ዛፉ ኋላ ቆሜ ነበር። ክንዱን ሰበሩት። የጎኑን አጥንት ሰበሩት። እጁን እንኳ አላነሳም፤ «ይገባኛል፣ ይገባኛል» ይል ነበር። ወድቆም አልተዉትም። ዝናሽ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጣ ደርሳ ላዩ ላይ ባትወድቅበት ይገድሉት ነበር። አንድ ዱላ እሷንም ትከሻዋ ላይ አገኛት። «የቡሄ ደም አይጠየቅም! ሕግ የላችሁም ወይ!» እያለች ስትጮህ ያ የካርቱን ድምፅ አልነበረም። እኔ? እኔ ከዛፉ ኋላ አልወጣሁም።

አስማረ ሳይድን አገሩን ጥሎ ሄደ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ገብቷል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፋ። ይርጋ ፋሻው ሳይፈታ ወንድሙን አስጠርቶ «ቡሄ ነው፤ ቂም የለም ብያለሁ። አስማረን የነካችሁት እኔን ነው የነካችሁት» አለው። ሞላ አለቀሰ። የይርጋ ቀኝ ዓይን ግን አልተመለሰም። ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል፤ የሳለው መስመር ሳይገናኝ ይቀራል። አንድ ቀን ሥዕሉን ይዞ መጣና «ጌትዬ፣ አንተ ዓይኔ ሁነኝ። የተዛነፈውን ንገረኝ» አለኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲስል በቀኙ የምቆመው እኔ ነኝ። «ትንሽ ወደ ላይ፤ አሁን ገጠመ» እለዋለሁ። ሰዉ «እንዲህ ያለ ጓደኛ ለማን አለው!» ይላል። የጉባኤውን ታሪክ የምናገረውም እኔ ሆንኩ፤ የቀናሁበትን ቦታ አገኘሁት። ሲሰጡኝ እንቢ አላልኩም።

ባለፈው ቡሄ አስማረ መጣ።

ሸምግሏል ብል ሐሰት አይሆንም፤ ዕድሜው ገና ነው፣ ፊቱ ግን የሽማግሌ ነው። የተሰበረ ክንዱ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል። ለአባ ላቀው «አባ፣ የሰው ዓይን አጥፍቼ እህል አልበላልኝ አለ፤ ይቅርታ ልጠይቅ» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው እኔን ጠርተው «ጌትነት፣ ሁለቱም ወዳጆችህ ናቸው፤ ነገሩን አንተ አሰናዳው» አሉኝ። አሰናዳሁት። በአገሩ ሥርዓት በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በተበዳይ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ድንጋዩን የሚያነሳለት ተበዳዩ ነው። ድንጋዩን ከወንዝ መርጬ ያመጣሁ እኔ ነኝ። ቀላሉን ልምረጥለት ብዬ ነበር። ለካ እንደዚያም አስቤያለሁ።

ጉባኤው ሊዘጋ ሲል፣ ባለቀለም ጠጉሩም ባለጭምብሉም ጸጥ ባለበት፣ አስማረ በጠማማ ክንዱ ድንጋዩን ደግፎ በጭቃው ላይ እየተንበረከከ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ ዓይንህን አጥፍቻለሁ። በእመቤቴ ይቅር በለኝ» አለ። አባ ላቀው ተነስተው «በዚህ ነገር ላይ ሌላ የሚናገር አለ?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ሥርዓቱ ነው፤ ይጠየቃል። ማይኩ በእጄ ነበር። መናገር የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። አጠገቤ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ይርጋ ሊያነሳለት እጁን ዘረጋ። ርቀቱ ተሳሳተበትና እጁ ድንጋዩን አልፎ አየር ጨበጠ። ሁለተኛ ሲዘረጋ አገኘው። አንስቶ ወረወረውና አስማረን አቅፎ «እኔ እኮ ያኔውኑ ቂም የለም ብዬህ ነበር፤ ምነው ይህን ሁሉ ዓመት?» አለው። ሁለቱም አለቀሱ። ዝናሽ እልል አለች፤ ሕዝቡ ተቀበላት። አስማረ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። «ጌትዬ፣ አንተ ባትኖር ማን ያስታርቀን ነበር?» አለኝ። ብድግ አድርጌ ሳምኩት። ከንፈሬ ጉንጩን ነካው፤ ሰማይ አልተደፋብኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ተገላበጠ፤ የተወጋው ረሳ፣ የወጋሁት ቀረሁ። ሰዉ ሲበተን ድንጋዩን ከጭቃው አንስቼ ቤቴ ወሰድኩት። ሚስቴ በጠላ ጋን ክዳን ላይ ልትጭነው ፈለገች፤ ከለከልኳት። «ድንጋይ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ጠዋት ስወጣ በሩ ጥግ አየዋለሁ፣ ስገባም አየዋለሁ። ከበድ ብሎኛል፤ አስማረ እንዴት እንደተሸከመው አላውቅም።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተ ይቅር የምትሉት ነገር የላችሁም፤ ይቅርታው የይርጋ ነው፣ የአስማረ ነው፣ ትከሻዋ የተመታው የዝናሽ ነው፣ እጁ በውሸቴ ደም የነካው የሞላ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። ሰይጣን አሳስቶኝ አልልም፤ ሽቦውን በጥርሴ የላጥኩት እኔ ነኝ። በመጪው ቡሄ ማይኩን ሲሰጡኝ ያን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ እወጣለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ከዚህ በፊትም ብዙ ነገር አስቤ አውቃለሁ። ራሴን ስለማላምን ነው ለእናንተ የምነግረው። ከእናንተ አንዱ ያን ዕለት ደብረ ታቦር ከተገኘና ድንጋይ ሳልይዝ ወጥቼ «በጨዋታ መሃል በደረሰ ድንገተኛ አደጋ» ስል ከሰማኝ፣ ዝም አይበለኝ። በሕዝቡ መሃል ቆሞ «ቀኝ እጅህን ዘርጋ» ይበለኝ። ጠባሳው መዳፌ ላይ አለ።